ሃያ ሦስት ባቄላ

ስንዱ አራጋው በቀን መቶ አርባ ጊዜ አውራ ጣቷን መስታወት ላይ ታሳርፋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለችው ቤቷ መስኮት ሥር ትቀመጣለች። መስታወቱ ይበራል፤ የማታውቀው ሰው ሆድ ወይም ሳንባ ወይም ጉልበት ይመጣል፤ ከሥሩ «ቀጠሮ» የተባለው ማሽን የወሰነው ተጽፎ ይታያል። ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚታከም የሚወስነው ቀጠሮ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሕጉ ግን የሰው ልጅ ጉዳይ ያለ ሰው ፊርማ አይፈጸምም ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚያ ሰፈር የተገኘችው ሰው ስንዱ ናት።

ሐኪም አይደለችም። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ድሮ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ተቆጣጣሪ ነበረች። ሦስት ወር አሠልጥነው አስቀመጧት። መስታወቱ ውሳኔውን ካሳየ በኋላ ዘጠኝ ሰከንድ እስኪያልፍ ድረስ ጣት አይቀበልም። በዚያ ዘጠኝ ሰከንድ ፈራሚዋ ታስባለች ተብሎ ይታመናል። በመጀመሪያው ዓመት ስንዱ እውነትም ታስብ ነበር። ከዚያ በኋላ በዘጠኝ ሰከንድ ግማሽ ሽንኩርት መላጥ እንደሚቻል ደረሰችበት።

ከ«ይሁን» አጠገብ «አይሁን» የሚል ትንሽ ቦታ አለ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነክታዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሳስታ ነው። የፈራሚዎች ስም ምስጢር ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ምስጢር ማለት ግን እያንዳንዱ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ የሚነግረው ነገር ነው።

የሙሄ እንድሪስ ሆድ መስታወቷ ላይ የመጣው በጥቅምት ነበር። ሙሄ የባቡር ሐዲድ ፈታሽ ነው፤ በእግሩ እየሄደ ብሎን የሚያይ፣ በየቀኑ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር የሚረግጥ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው። የሐሞት ጠጠር ወርዶ ቆሽቱን አስቆጣው። ዘጠኝ ቀን በሕክምና ማዕከሉ ተኝቶ ሲሻለው መቀነት አስታጥቀው ወደ ቤቱ ሰደዱት። መቀነቱ ቀን ከሌሊት ሆዱን ውስጥ ለውስጥ እያየ ለቀጠሮ ይናገራል። አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ ከጨጓራው ጀርባ፣ ከቆሽቱ አጠገብ፣ ፈሳሽ ተቋጥሮ አየ። ስፋቱ አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው።

ቀጠሮ እንዲህ ጻፈ፦ «ይጠብቅ። አርባ ሁለት ቀን። እስከዚያ ካልጠፋና ካስቸገረው፣ የከረጢቱ ግድግዳ ሲጠነክር በጨጓራ በኩል ቱቦ ገብቶ ይፈስሳል። ትኩሳት፣ ደም፣ የዓይን ቢጫነት፣ ወይም ውሃ እንኳ አልረጋ ማለት ከታየ አሁኑኑ ይምጣ።»

ስንዱ ሽንኩርቷን ልጣ ስትጨርስ ጣቷን አሳረፈች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃፏ ላይ ቆሙ። ፊተኛው ሼህ ሰይድ ናቸው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ቀኝ ጉልበታቸው አልቆ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ጉልበቱ በሚያዝያ እንዲቀየር የተወሰነ ነው፤ የፈረመችውም እሷው ናት። ከኋላቸው ቄስ መርዕድና የቀድሞው መምህር አቶ ይመር ጓንጉል ነበሩ። ሦስቱ አብረው ከመጡ ወይ ጋብቻ ነው ወይ ደም ማድረቅ፤ ስንዱ ደግሞ የምትድራት ልጅም የገደለችው ሰውም የላትም።

«ግቡ እንጂ፤ ደጅ ምን ያቆማችኋል? ተቀመጡ» አለች።

ገቡ። አልተቀመጡም። በዚያ አገር ለልመና የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ የማያውቅ የለም።

«ልጄ፣ የሙሄን ነገር ብለን ነው» አሉ ቄስ መርዕድ።

«የትኛው ሙሄ?» አለች፤ ውሸቷን ነው።

«የሐዲዱ ሙሄ እንጂ። አንቺ ነሽ አሉ የምትፈርሚለት።»

አቶ ይመር ቀጠሉ። «ሰውየው ተርቦ ሊሞትብን ነው። አራት ማንኪያ ሾርባ ሲቀምስ በቃኝ ይላል። ሐሙስ ዕለት ሁለቴ አስመለሰው። ፊቱን የሚያውቀው ሰው እንኳ ቢያየው አይለየውም። ሆዱ ውስጥ ውሃ ተቋጥሮ እያለ ያ መስታወት ይጠብቅ ይላል። ሐዋ ዓይኗ እያየ ባሏን ትቅበር?»

«ጠብቁ የተባለው እኮ ለሱ ብሎ ነው፣ ጋሼ። ግድግዳው ገና ስስ ነው። አሁን ቢነካ ቱቦው የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። ምግቡ እምቢ ካለው በአፍንጫው በቀጭን ቱቦ ይመገባል፤ እሱን ልጠይቅለት እችላለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?»

«እንቁላሉን ሆዱን አያመውም» አሉ አቶ ይመር።

ሙሄ ራሱ ምን ይላል? ብላ ግን አልጠየቀችም። እነሱም አላነሡትም። በሽተኛ ስለ በሽታው አይማከርም፤ ይጨነቃል ተብሎ በጓዳ ይነገርለታል። ስንዱም እንደዚያው ሆና ያደገች ናትና ጥያቄው በአጠገቧ እንኳ አላለፈም።

ልታስረዳቸው ብላ መስታወቱን አበራችው። የሙሄ ሆድ መጣ፤ ከጎኑ የየቀኑ ልኬት። የመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ። በአሥራ አራተኛው አሥር ነጥብ አምስት። ዛሬ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ትኩሳት የለም። ደም የለም። ከረጢቱ ማንም ሳይነካው በራሱ እየሟሸሸ ነበር።

አየችው። በደንብ ነው ያየችው። «አባቶቼ፣ ይኸው እየቀነሰ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት የሼህ ሰይድ ምርኩዝ ወለሉን ጠቅ፣ ጠቅ አደረገ። ቀና አለች። ሽማግሌው ከቆሙ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ቀኝ ጉልበታቸው ከሱሪያቸው ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ግንባራቸው አልቦታል።

«ሼህ ሰይድ፣ በፈጣሪ ይቀመጡ።»

«እሺ በይንና እንቀመጣለን፣ የኔ ልጅ። ካልሽም ቆመን እናመሻለን፤ አብሽሪ» አሉ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከሩ።

ስንዱ ያን ጊዜ የታያት የሙሄ ሆድ አይደለም። የታያት ሼህ ሰይድ ቤቷ ወለል ላይ ተዘርረው፣ ከተማው «ስንዱ ሽማግሌ አቁማ ጣለች» ሲላት ነው። መስታወቱም ላይ ያለው ልኬት ለሷ ብቻ የሚታይ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከቆሙበት አይታይም። «አይሁን» የሚለውን ነካች። ዘጠኙን ሰከንድ እንኳ ጠብቃለች። መስታወቱ «ምን ይደረግለት?» ሲል «ነገ ይፈስስ» አለች። ምክንያት እንድትመርጥ ስምንት ዘረዘረላት፤ አንዱም የሷ አልነበረም። የመጨረሻውን፣ «ሌላ» የሚለውን መረጠች።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ብርዝ ቀዳችላቸው። መረቋት፤ ረጅም ምርቃት ነበር።

ቀጠሮ አይኮርፍም፣ አይከራከርም። እሑድ ጠዋት መኪናው ሙሄ ደጃፍ ላይ ደረሰ። ከማክሰኞ ጀምሮ ደግሞ ውጤቱ ተራ በተራ ለስንዱ ይመጣላት ጀመር፤ ፈራሚ «አይሁን» ያለችበትን ውጤት ማንበብ ግዴታዋ ነው። ግድግዳው የፈላ ወተት ላይ እንደሚይዝ ስልባቦት ሆኖ ነው የጠበቃቸው። ቱቦው ያዘ ሲሉት ተንሸራተተ። ያ የቆሽት ፈሳሽ፣ ሥጋ የሚያቃጥለው፣ ሆድ ዕቃው ላይ ፈሰሰ። ደም ሥር ተበጠሰ። ሆዱ ተከፈተ፤ ጣፊያውና የቆሽቱ ግማሽ ወጣ። ስድሳ አራት ቀን ተኛ። ተርፏል። ከእንግዲህ በቀን አራት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋል፤ ከእያንዳንዱ ጉርሻ በፊት ክኒን ይውጣል፤ ሐዲድ አይፈትሽም።

ከመጨረሻው ውጤት ሥር እንዲህ ይላል፦ «የሰው ውሳኔ። ውጤቱ በሚጠበቀው ክልል ውስጥ ነው። እናመሰግናለን።»

እናመሰግናለን የምትለዋን ቃል ስንዱ ስንት ጊዜ እንዳነበበቻት አታውቅም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን የራሷን አይደለም፣ የለቀሙትም ሌሎች ናቸው። ፈራሚዎችን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ጻፈች፤ ሽማግሌ እምቢ ማለት አፍሬ ጥፋት ፈጽሜያለሁና ልጠየቅ አለች። በሦስተኛው ቀን «ጥፋት አልተመዘገበም» የሚል መልስ መጣ። ደግማ ጻፈች። «መልካም ቀን» አሏት።

የሚሰድባት ሰው ፈለገች፤ አልተገኘም። እንዲያውም ሙሄ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰሞን ሐዋ በቄስ መርዕድ እጅ ድፎ ዳቦ ላከችላት። «ያን ዕለት ባትፈርሚ ኖሮ ባሌን አላገኘውም ነበር፣ አላህ ያክብርሽ» ብላለች አሉ። ስንዱ ዳቦውን መብላት አቃታት፤ እህል ነውና መጣልም አልቻለችም። ለጎረቤት ሰጠችው። ጎረቤቷ ምን ተገኝቶ ነው? ስትላት «እንጃ» አለች።

ሽንኩርት መላጡንም ተወች። አሁን ዘጠኙን ሰከንድ አፍጥጣ ነው የምትጨርሰው፤ ያም አላሳረፋት። በየካቲት አንድ ቀን፣ ለሌላ ሰው ጉዳይ የምክንያቶቹን ዝርዝር ስታወጣ ዘጠነኛ ምክንያት ተጨምሮ አገኘች። «የሽማግሌ ልመና» ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ሲመጡ ጉዳዩን ሳይጀምሩ ያስቀምጧቸው» የሚል ምክር አለ። ቀጠሮ ተምሯል። ለትምህርቱ የተከፈለው የሙሄ ቆሽት ነው፤ ይህን የሚያውቁት ሁለት ናቸው፣ መስታወቱና እሷ።

በግንቦት መጀመሪያ ሼህ ሰይድ ዘንድ ሄደች። ጉልበታቸው ተቀይሮላቸው ግቢያቸው ውስጥ ያለ ምርኩዝ ሲንጎራደዱ አገኘቻቸው።

«ሙሄ ቤት ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ነው የመጣሁት። ይቅርታ ይጠይቁልኝ።»

«ምን አጠፋሽና? የለመንን እኛ።»

«እየቀነሰ ነበር፣ ሼህ። እናንተ ቆማችሁ ሳለ አይቼዋለሁ። ሳልነግራችሁ ቀረሁ።»

ሼህ ሰይድ መንጎራደዳቸውን አቆሙ። ጉልበታቸውን ተመለከቱ፤ ከዚያ እሷን።

«ለምን ሳትነግሪን ቀረሽ?»

«ጉልበትዎ ተንቀጠቀጠብኝ።»

«እንግዲያው እኛ ሽማግሌ አንሆንሽም» አሉ። «ከበዳዮቹ ነና። ለኛስ ማን ይቆምልናል?»

«ሌላ ሽማግሌ አላውቅም።»

«አላህ ያውቃል፣ እኔም አላውቅም» አሉና ኮፍያቸውን ፍለጋ ወደ ቤት ገቡ።

እሑድ ረፋዱ ላይ አራቱም ሙሄ ቤት ደረሱ። ሙሄ መስኮቱ ሥር ባለ አልጋ ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ስንዱ ሆዱን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ፊቱን ግን ገና ማየቷ ነው። ዓይኖቹ ትልልቅና ሳቂታ ናቸው። አንገቱ ቀጥኖ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል። መስኮቱ ላይ ሁለት ብርጭቆዎች ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ውስጥ ደረቅ ባቄላ አለ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ ሙሄ። ሳይቀመጡ ሲቀሩበት ሳቀ። «ኧረ ምንድን ነው ነገሩ? ሴት ልጅ የለኝም እኮ፤ ወይስ እኔኑ ልትድሩኝ ነው?»

ሐዋ ከጓዳ ብቅ ብላ ስንዱን ስታይ ገባት። ከሙሄ ጀርባ ሆና ራሷን ነቀነቀች፤ አትናገሪ ማለቷ ነው። ዓይኖቿ ይለምኑ ነበር። ስንዱ ልትመለስ ጥቂት ቀራት፤ ከዚያ ሼህ ሰይድ ጀመሩ።

«ሙሄ ልጄ፣ ይቺ ሴት ስንዱ ትባላለች። ፈራሚህ ናት። በጥቅምት፣ ቀንህ ሳይደርስ ይፈስስልህ ያልናት እኛ ነን። ቤቷ ሄደን ቆምንባት። ዛሬ ይቅር በላት ልንል መጣን።»

ሙሄ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «እናንተ?» አለ። «ማሽኑ አይደለም?»

«ማሽኑ ይጠብቅ ነበር ያለው» አለች ስንዱ። «ከዚህም የባሰ አለ፣ ጋሽ ሙሄ። ያን ቀን ልኬቱን አይቻለሁ። ከረጢቱ እየቀነሰ ነበር። ማንም ባይነካዎት ምናልባት በራሱ ይጠፋ ነበር። አውቄ ነው የፈረምኩት። ሽማግሌ እምቢ ማለት አፈርኩ።»

ሐዋ ጓዳው በር ላይ ቁጭ አለች። ይህን እሷም አላወቀችም ነበር።

«ማን ላካቸው?» አለ ሙሄ ቀስ ብሎ።

«እኔ ነኝ» አለች ሐዋ።

«ሳትነግሪኝ?»

«ትጨነቃለህ ብዬ።»

ሙሄ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሲናገር ለማንም የሚናገር አይመስልም። «ቀኔ ሳይደርስ መኪናው ሲመጣ፣ እኔ የማላውቀው ክፉ ነገር ታይቷቸው ነው ብዬ ነው የሄድኩት። ይኸው ስድስት ወር ሙሉ፣ ሆዴ ውስጥ ምን አይተው ይሆን እያልኩ ነው የምተኛው። ሐዋን እንዳልጠይቃት ትጨነቃለች። አላመመኝም ነበር እኮ። ያን ቅዳሜ ማታ ሾርባው ስድስት ማንኪያ ሆኖ ነበር። ጠዋት እነግራታለሁ፣ ትደሰታለች አልኩ። ጠዋት መኪናው መጣ።»

ሐዋ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ቄስ መርዕድ መሬት መሬት ያያሉ። ስንዱ ስድስት ማንኪያ የሚለውን ስትሰማ፣ ስድብ ፍለጋ ስትዞር የከረመችበት ነገር ይኸው መሆኑን አወቀች፤ ስድብ የለበትም፣ ግን ከስድብ ሁሉ የባሰ ነው።

ሙሄ እጁን ዘርግቶ ብርጭቆዎቹን ነካ። «አርባ ሁለት ቀን ጠብቅ ሲሉኝ አርባ ሁለት ባቄላ ቆጠርኩ። በየጠዋቱ አንዷን ከዚህ ወደዚያ። አሥራ ዘጠኙ እዚህ ናቸው። ሃያ ሦስቱ እንደቀሩ ቀሩ፤ ሐዋም አልጣለቻቸውም።» ስንዱን አያት። «ይቅርታ ፈልገው ነው የመጡት?»

«አዎ።»

«ዛሬ የለኝም። ላድርግ ብልም ከአፌ ነው፤ አይይዝም። ሐዋ፣ ባቄላውን ለእሳቸው ስጪያቸው። ሃያ ሦስቱን።»

ሐዋ ተነሥታ ብርጭቆውን አነሣች። ስንዱ የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋች፤ ሐዋ ገለበጠችላት፤ አንዷ ወለል ላይ ወድቃ ሁለቱም አብረው ጎንበስ አሉ።

«በቀን አንዷን» አለ ሙሄ። «ሲያልቁ ይምጡ፤ ያን ጊዜ ያለኝን እነግርዎታለሁ። ምን እንደሚሆን እኔም አላውቀውም።»

«እኔስ?» አለች ሐዋ።

«አንቺ ከኔ ጋር ትቆጥሪያለሽ።»

ሼህ ሰይድ ወደ አልጋው አንድ እርምጃ ተጠጉ። «ሙሄ ልጄ፣ ሃያ ሦስት ቀን ምን ይሠራል? ነገር ሲያድር ይከፋል። ይቺ ልጅ ስድስት ወር እንቅልፍ አልተኛችም። ዛሬውኑ እሺ በለን፤ ካልክም እንደቆምን ነው፤ ጉልበቴ እንደሆነ አዲስ ነው።» ቄስ መርዕድና አቶ ይመርም ተጠጉ። ሦስቱም በአንድ ላይ ወደ አልጋው ጎንበስ አሉ። ሙሄ ተደግፎ ከተቀመጠበት ትራስ ወደ ኋላ ሸሸት ሲል፣ ከዓይኑ ሥር ድካሙ ሲወጣ፣ ስንዱ አየችው። እንዲህ ከቆሙበት እሺ ሊላቸው እንደሚችልም አየች።

«ይተዉት፣ ሼህ» አለች።

«ላንቺው ብለን እኮ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«አውቃለሁ። ይተዉት። እጠብቃለሁ።» ባቄላዎቹን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው፣ ሁለት ጊዜ አጥብቃ። «ተቀመጡ፣ አባቶቼ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ እሺ ሳይባሉ ተቀመጡ።